መሬቱ በወለድ አገድ ከመያዙ በፊት



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከወላይታ ሶዶ አጠገብ ከሚኖሩ አንዲት እናት የተላከ ነው። ደብዳቤው አጭር ቢሆንም ብዙ ቤተ ሰብ በየጓዳው የሚጨነቅበትን ጉዳይ የያዘ ስለ ሆነ፥ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን ትተን መልሱን በዚህ አምድ ማውጣት መልካም መስሎ ታይቶናል። እናቲቱ እንዲህ ይላሉ፤

«የመጀመሪያ ልጄ በሕዝብ ጤና አጠባበቅ በዲግሪ ተመርቃ በወረዳችን ጤና ጣቢያ ማገልገል ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። አሁን ሁለተኛ ዲግሪ መማር አለብኝ ብላ ተነሥታለች። አባቷ ከደስታቸው ብዛት ‹ከወንዙ ዳር ያለውን መሬት በወለድ አገድ ሰጥቼ፥ ባሕር ዛፉንም ሸጬ አስተምራታለሁ› ብለው ቆርጠዋል። አንድ ሰው ደግሞ ‹ገንዘቡን ብቻ አምጡ፤ ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር ኮሌጅ አለ፥ እኔ አስገባታለሁ› ብሎናል። ታናሽ ወንድሟ በሚመጣው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይወስዳል። መሬቱ ከእጃችን ከወጣ ለእርሱ ምን ይቀረዋል? እምቢ ብል ደግሞ የልጇን ዕድል የዘጋች እናት እባላለሁ። ምን ላድርግ?»

የተከበሩ እናት ሆይ፤ በመጀመሪያ ጥያቄዎ የሚያሳፍር እንዳልሆነ ልንነግርዎ እንወዳለን። ልጅ ሲማር ደስ የማይለው ወላጅ የለም፤ ነገር ግን ደስታው ሒሳቡን የሸፈነው ወላጅ ብዙ ነው። «ለሴት ልጅ አንድ ዲግሪ ይበቃታል» የሚል ሰው ይስታል። «ለትምህርት ከሆነ ማናቸውም ዋጋ አይበዛም» የሚልም እንዲሁ ይስታል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለማየት ከሁሉ አስቀድሞ ልጅዎ ልትማረው ያሰበችው ትምህርት ምን እንደ ሆነ፥ ለአገርዎም ምን እንደ ሠራ ማወቅ ያሻል።

የሕዝብ ጤና ትምህርት በአገራችን ከመከራ የተወለደ ትምህርት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በጎንደር አጠገብ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ። በዓመቱ በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፥ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋራ ተባብሮ በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጣቢያን ከፈተ። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች፥ የኅብረተ ሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማርተው፥ በሽተኛን ከማከም ጋራ በሽታው ከቤት እንዳይገባ ማስተማርን ሥራዬ ብለው ያዙት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1984 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተጀመረ። ከዚያ ቀደም ይህን ዲግሪ የሚሻ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት። ዛሬ ግን ትምህርቱ እስከ ደጃፍዎ መጥቷል፤ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የኦቶናን ሆስፒታል ማስተማሪያው አድርጎ ይህንኑ ትምህርት ይሰጣል።

ለወላይታስ ምን ጠቀመ? የእግር ዝሆኔ የተባለውን በሽታ እርስዎ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህ በሽታ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ብዙ ዘመን ከመሥራት የሚመጣ ነው። ስንት ቤተ ሰብ የዘር እርግማን ነው እየተባለ ከጋብቻ ተከለከለ! ስንቱስ ይጋባብናል እየተባለ ከማዕድ ተለየ! በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶው ሰው 5.46 የሚሆነው በዚህ በሽታ እንደ ተያዘ ቆጥሮ አስታወቀ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፋሲል ተኮላ፥ ዳመን ኃይለ ማርያምና ጌይል ዴቪ ባወጡት ጥናት፥ በሽተኛው ከሥራ ቀኑ ከመቶ 45 የሚያህለውን እንደሚያጣ፥ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ የነበረው የወላይታ ዞንም በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚከስር አሰሉ። ይኸው ፋሲል ተኮላ ከባልደረቦቹ ጋራ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሌላ ጥናት፥ አንዳንድ ሰው ለአፈሩ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ የሚወለድበትን ምክንያት በወላይታ ሰዎች ላይ መርምሮ አሳየ። ስለዚህ ነገሩ እርግማን እንዳልሆነ፥ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፥ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ እንደሚከለከል በማስረጃ ለመናገር ተቻለ።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተምር ትምህርት የከንቱ ክብር ትምህርት አይደለም። ልጅዎ መመኘቷ ተገቢ ነው። የቀረው ጥያቄ ዋጋው ከየት ይከፈል የሚለው ብቻ ነው።

በዚህም ላይ ሐሳባችንን ሳንሸሽግ እንነግርዎታለን፤ መሬቱ አይነካ። በወላይታ የአንድ ገበሬ ይዞታ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ እርስዎ ያውቃሉ። እንሰቱ፥ ስኳር ድንቹና በቆሎው የሚበቅልበት ያ ቁራሽ መሬት የዓመቱ እንጀራ ነው። በወለድ አገድ የተሰጠ መሬት ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ሌላ ሰው ያርሰዋል፤ ገንዘቡ ደግሞ ለትምህርት ከወጣ በኋላ ተመልሶ የሚሰበሰበው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤቱ እህል ሸማች ይሆናል። የሚያበላንን ነገር ለሚያስከብረን ነገር መያዣ አናድርግ፤ በተለይ ገንዘብ ሳይከፈል ሊያልፉባቸው የሚቻሉ በሮች ገና ሳይንኳኩ። እነዚህ በሮች አራት ናቸው፤ በተራ በተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው በር ልጅዎ በየቀኑ የምትገባበት የጤና ጣቢያዋ በር ነው። ብዙ ወጣቶች ይህን ትተው ሩቅ ያለውን ያማትራሉ። መንግሥት ለሠራተኞቹ የትምህርት ዕድል ሲሰጥ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፥ በዞኑ ጤና መምሪያና በክልሉ ጤና ቢሮ በኩል አወዳድሮ ይልካል። በውድድሩም የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይታያል። በ2009 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና ሲጀመር፥ ሠልጣኞቹ የሁለቱን ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ወረርሽኝ በሚመረመርበት በጤና መሥሪያ ቤት ውስጥ እየሠሩ እንዲማሩ ሆኖ ነበር የታቀደው። እንዲህ ያለውን ዕድል የሚያገኘው አስቀድሞ በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ስሙና ፍላጎቱ የታወቀ ሰው ነው። ስለዚህ ልጅዎ «መማር እፈልጋለሁ፤ የምፈልገውም ይህን ነው» ብላ በጽሑፍ ለአለቃዋ ታስታውቅ፤ የማመልከቻዋንም ቅጂ በእጇ ትያዝ። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የክልሉ ርእሰ ከተማ ሆናለች፤ ቢሮዎቹ ግን በልዩ ልዩ ከተሞች ተከፋፍለዋል። ስለዚህ የአገልግሎት ማኅደሯ ተሟልቶ በትክክለኛው ቦታ መኖሩን በዓይኗ አይታ ታረጋግጥ።

ዕድሉ ቢገኝ የምትፈርመው የግዴታ ውል አለ። ውሉን ከመፈረሟ በፊት እርስዎና ባለቤትዎ ባሉበት ቃል በቃል ይነበብ። ደመወዟ በትምህርቱ ዘመን ይቀጥላልን? ከትምህርት በኋላ ስንት ዓመት ታገለግላለች? ብታቋርጥ ምን ያህል ትመልሳለች? ዋስ ካስፈለገ ዋሱ ማን ነው? የዋሱ ንብረትስ ምንድን ነው? በዚህ በኩል መሬቱን አድነን በዚያ በኩል ለዋስትና እንዳናሲዘው መጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው በር በቅርብ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በራስ ወጪ መማር ነው። ከሶዶ ሌላ በአርባ ምንጭ፥ በሐዋሳና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ትምህርት ይሰጣል። ቀድሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን መግቢያ ፈተና ያወጣ ነበር፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አመልካቹ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው የሚለካው የቃላትንና የንባብን ችሎታ፥ የሒሳብንና የማመዛዘንን ብልኀት ስለ ሆነ፥ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሦስት ዓመት የቆየ ሰው ብዕሩን እንደ ገና ካልሳለ ይከብደዋል። በየማታው አንድ ሰዓት ለሦስት ወር ያህል መለማመድ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ የሚሰጣት ትልቁ ስጦታ ያን አንድ ሰዓት ከቤት ሥራ ነፃ ማድረግ ነው፤ ይህም ከባሕር ዛፉ ሽያጭ ይልቅ ሊጠቅማት ይችላል።

ስለ ወጪው ስታስቡ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ብቻ አትቍጠሩ። በሶዶ ብትማር ከቤቷ ትበላለች፥ ከቤቷም ታድራለች። በሌላ ከተማ ብትማር የቤት ኪራይና ምግብ አለ። ለምሳሌ ያህል ኪራይና ምግብ አንድ ላይ በወር 6,000 ብር ቢሆን፥ በሃያ አራት ወር 144,000 ብር ይሆናል። ይህ ለምሳሌ የቀረበ ቍጥር ነው፤ እውነተኛውን ዋጋ በዚያ ከተማ የሚኖር ዘመድ ጠይቃችሁ በቦታው አስገቡ። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የመመረቂያ ጥናት አለ፤ መረጃ ለሚሰበስቡ ሰዎች አበል፥ ለመጓጓዣ፥ ለወረቀትና ለኅትመት የሚወጣውን ብዙ ተማሪ አስቀድሞ ስለማያስበው በመጨረሻው ወራት ተበዳሪ ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ግን በደብተር የማይጻፈው ወጪ ነው፤ ሥራዋን ለቃ ብትማር የሁለት ዓመት ደመወዟ ይቀራል። ስለዚህ ፈቃድ ሳትጠይቅ ሥራ አትልቀቅ።

ሦስተኛው በር በውጭ አገር የሚሰጥ ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ልጅዎ ሦስት ዓመት ማገልገሏ በዚህ በኩል ትልቅ ሀብት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ የተባለው ዕድል የሁለት ዓመት ያህል ሥራ ይጠይቃል። የአንድ ዓመት ትምህርትን ከነመኖሪያውና ከነጉዞው ይችላል፤ ተማሪው ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ በነሐሴ ይከፈታል፤ በመኸርም ይዘጋል። ዳአድ የተባለው የጀርመን ድርጅትም ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጠው ዕድል ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ግን እንደ ደንቡ ከስድስት ዓመት በላይ ያስቈጠረ እንዲሆን አይወድም። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ልጅዎ ለማመልከት አልፈጠነችም፥ አልዘገየችምም። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ብትሞክርና ባይሳካላት በሩ ገና አልተዘጋባትም፤ «ቆይ ነገ» እያለች አምስት ዓመት ብታሳልፍ ግን አንዳንዱ በር ይዘጋል።

በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ጕድጓዶች አሉ። አንደኛው፥ ብዙዎች በከንቱ የሚደክሙበት የኮመንዌልዝ የትምህርት ዕድል ነው፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የኢትዮጵያ ዜጋ በዚያ አይወዳደርም። ሁለተኛው የምንዛሪ ነገር ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና፥ የአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያና የቪዛ ወጪ በዶላር ያው ሆኖ ሳለ በብር ግን እጥፍ ሆነ። አይኤልትስ የተባለው የቋንቋ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ያለ ዓላማ ቀድሞ መፈተን ገንዘብ ማባከን ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ «ትምህርቷን የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ከተማረችበት ቤት ቢመጣለት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከመክፈሏ በፊት ትጠይቅ። ሦስተኛው ጕድጓድ ደላላ ነው። ቼቭኒንግም ሆነ ዳአድ ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። «ነፃ ዕድል አለኝ፥ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ሰው ነፃ የሚለውን ቃል ትርጕም ያፈረሰ ነውና ከደጅ ይሸኝ።

አራተኛው በር ያ ሰው የነገራችሁ የቅዳሜና የእሑድ ኮሌጅ ነው። የግል ኮሌጅ ሁሉ መጥፎ ነው አንልም፤ በሥራቸው የተመሰገኑ አሉ። ነገር ግን ፈቃድ ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነትና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻው ይሰጣል። በአዲስ አበባ የተፈቀደለት ኮሌጅ በሌላ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ላይፈቀድለት ይችላል፤ በነርስነት የተፈቀደለትም በሕዝብ ጤና ላይፈቀድለት ይችላል። ልጅዎ አንድ ብር ከመክፈሏ በፊት «ይህ ትምህርት፥ በዚህ ካምፓስ፥ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የጸና ፈቃድ አለውን?» ብላ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ታረጋግጥ። አገር አቀፉን መግቢያ ፈተና ሳታልፍ «ግድ የለም ግቢ» የሚል ካለ፥ ያ ቸርነት ኋላ ዲግሪው ሲመረመር ዋጋ ያስከፍላል። «እኔ አስገባታለሁ» የሚለው ሰው ስለ ፈቃዱ አንዳች ነገር እንዳልነገራችሁ ከደብዳቤዎ ተመልክተናል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንምጣ። እዚህ ላይ የራሳችንን ቤት ነገር እንናገራለን። የእኅቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ አገር ነፃ ዕድል አግኝቶ ደስታችን ከልክ አልፎ ነበር። ኦሪጅናል ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን አምጣ ሲባል ግን በእጁ የነበረው ቴምፖው ብቻ ነበር፤ የኮስት ሼሪንግ ሒሳቡን ስላልጨረሰ ኦሪጅናሉ ገና አልተሰጠውም። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስንመላለስ፥ አንዱ ማስረጃ ሲመጣ የሌላው ጊዜ ሲያልፍ፥ ቀኑ ደርሶ ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም ለማለት አልችልም፤ ትልቁ ጥፋት ግን የእኛ ነበር። ሥራውን ከዕድሉ በፊት መጀመር ሲገባን ከዕድሉ በኋላ ጀመርን።

ስለዚህ ልጅዎ ዛሬውኑ እነዚህን በአንድ ካርቶን ታሰናዳ፤ ኦሪጅናል ዲግሪዋን፥ ትራንስክሪፕቷን፥ የሙያ ፈቃዷን፥ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን፥ የልደት ማስረጃዋንና ፓስፖርቷን። ስሟ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉን፥ የእንግሊዝኛውም ፊደል አንድ መሆኑን ትመርምር፤ በአንዱ ላይ አንዲት ፊደል ብትለይ ለማስተካከል ወራት ይፈጃል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቍጥር 91 መሠረት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ ድርሻውን ከምረቃ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ አሥር እየከፈለ ይመልሳል። እስካሁን ከደመወዟ ተቈርጦ ከሆነ ምን ያህል እንደ ቀረ በጽሑፍ ትጠይቅ። ከቤተ ሰቡ ጥሪት ወጥቶ ለዚህ የሚውል ገንዘብ ቢኖር እኛ አንቃወመውም፤ ዕዳን ይቀንሳልና፥ በርም ይከፍታልና።

ከወረቀቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን እርስዋ ራስዋ የምትጽፈው የዓላማ ደብዳቤ ነው። ብዙዎች «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕዝቤን ለማገልገል እመኝ ነበር» ብለው ይጀምራሉ፤ አንባቢውም እንዲህ ያለውን ሺህ ጊዜ አንብቦታል። ልጅዎ የምትጽፈው ከመዝገቧ ይሁን። ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ በሚወስደው ቆላ ወባ የሚበረታው በየትኛው ወር ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የነፍሰ ጡር የመጀመሪያ ምርመራ በአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ይመክራል፤ በእርስዋ ጤና ጣቢያ ስንቶቹ በዚያ ጊዜ መጡ? የዘገዩትስ ስለምን ዘገዩ? ስለ እግር ዝሆኔ ከፍ ብለን የጠቀስናቸው ሰዎች የጀመሩት እንዲህ ካለው ጥያቄ ነው። ስንት ሰው ታመመ? ምን ያህል ከሰረ? ለምን እርሱ ታሞ ጎረቤቱ ዳነ? አንዲት ጤና መኮንን ሦስት ዓመት ካየችው አንዲት እውነተኛ ጥያቄ ብታወጣ፥ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህርም ሆነ ለውጭ አገር ፈታኝ ከማናቸውም ያማረ ቃል ይልቅ ትናገርላታለች። ይህችም ጥያቄ ኋላ የመመረቂያ ጥናቷ ልትሆን ትችላለች።

ደብዳቤዎ ያላነሣው፥ ነገር ግን በልብዎ ያለ የሚመስለን ሌላ ነገር አለ፤ «ወደ ውጭ ከሄደች ትመለስ ይሆን?» የሚለው። ውል ሰውን ለሁለት ዓመት ሊመልስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስቀረው ሥራውና የቤቱ ፍቅር ነው። በዚህ ላይ ተስፋ ልንሸጥልዎ አንወድም። ሆኖም ከሶዶ ሳትወጣ ወይም በቅርብ ከተማ የምትማርበት ዕድል ስላለ፥ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን በር ያስቀደምነው ለወጪው ብቻ ብለን አይደለም። ደግሞም ትልቅ ደመወዝ በውጭ ርዳታ በሚሠሩ ድርጅቶች ይጠብቃታል በሚል ስሌት ብቻ አትበደሩላት። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ በሺህ የሚቈጠሩ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ተሰናብተዋል። ዕዳ ግን አብሮ አልተሰናበተም።

ስለ ታናሽ ወንድሟም አንድ ቃል አለን። አባቱ ስለ እኅቱ ሲወስኑ እርሱ በጓዳ ሆኖ ይሰማል፤ ምንም ባይናገር ይመዝናል። ስለዚህ ምክሩ እርሱ ባለበት ይሁን። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢደርሰው በወጪ መጋራት ሥርዓት አብዛኛውን ወጪ ኋላ ከደመወዙ ስለሚከፍል፥ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የጉዞ፥ የልብስና የኪስ ገንዘብ ነው። ባሕር ዛፉ ለዚህ ይቆይለት። እኅቱ ደግሞ ከደመወዟ ዕቁብ ትግባ፤ ዕጣውም መግቢያዋ በሚደርስበት ወራት እንዲወጣላት ከዳኛው ጋራ አስቀድማ ትነጋገር። በዚህ ዓይነት የትምህርቷን መሠረት ራስዋ ታቆማለች፤ ወላጅም ያግዛታል፥ ወንድምም አይከፋም። ተምራ ደመወዟ ሲያድግ ታናሽዋን እንድትረዳ ዛሬ በሁላችሁ ፊት ቃል ትስጥ።

ባለቤትዎን እንዴት ይንገሯቸው? «አይሆንም» ብለው አይጀምሩ። ደስታቸው የአባት ደስታ ነውና አይሰበር። አንድ ማታ ቡናው ሲፈላ ወረቀት አውጡና አራቱን በሮች በተራ ጻፉ፤ በእያንዳንዱም ፊት የሚያስወጣውን ብርና የሚያስጠብቀውን ጊዜ አስፍሩ። መሬቱን በመጨረሻው መስመር ላይ ይጻፉት፤ ከፊቱም በወለድ አገድ ቢሰጥ በየዓመቱ የሚቀርባችሁን እህል በኩንታል አስፍሩ። ሒሳቡን ልጅዎ ጮክ ብላ ታንብበው። መሬቱን ለእርስዋ ሊሰጡ የተነሡ አባት፥ ልጃቸው ራስዋ «አባባ፥ መሬቱ ይቆይ፤ እኔ በመጀመሪያው በር ልሞክር» ስትላቸው የሚሰማቸውን ክብር እኛ ከዚህ ሆነን እናስበዋለን።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚሠራው ሦስት ነገር ነው። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ይግባ፤ የወረቀቶቹ ካርቶን ይከፈት፤ ያ ሰው የነገራችሁ ኮሌጅ ፈቃድ ይጠየቅ። ሦስቱም ከጥቂት ብር የመጓጓዣ ሒሳብ በቀር ገንዘብ አይጠይቁም። የደረሳችሁበትን ጻፉልን፤ ከሌላ አገር ተመሳሳይ ጭንቀት ያለባቸው ቤተ ሰቦችም ከእናንተ እንዲማሩ መልሳችሁን በዚሁ አምድ እንጠብቃለን።